«ብቻቸውን መኖር አይችሉም» ብዬ የፈረምኩባቸው አባት

ሁሉንም ነገር በትክክል ለክታችሁ፣ በትክክል ጽፋችሁ፣ በትክክል ደምራችሁ፣ በመጨረሻ ያወጣችሁት ውጤት ግን ስሕተት ሆኖ አግኝታችሁት ታውቃላችሁ? እኔን ገጥሞኛል። መለኪያው አልተበላሸም፣ ድምሩም አልተዛነፈም። ስሕተቱ የመጣው ከቀኑ ነበር። ቀኑን የሚያውቁት ሰው ደግሞ እዚያው ፊታችን ተቀምጠው ነበር። እኛ አልጠየቅናቸውም፤ እሳቸውም አልነገሩንም።

ነገሩን በቅደም ተከተል ላስረዳ። ጎንደር ውስጥ የጤና ተማሪዎችን አስተምራለሁ። ያን ጊዜ ማስተማር ከጀመርኩ ገና ሦስተኛ ዓመቴ ነበር። ተማሪዎቻችን ከመመረቃቸው በፊት በቡድን ሆነው ለጥቂት ሳምንታት ወደ ገጠር ከተሞች ይወጣሉ። አሠራሩ እንዲህ ነው፦ አንድ የሕክምና፣ አንድ የነርሲንግ፣ አንድ የፋርማሲና አንድ የፊዚዮቴራፒ ተማሪ አብረው ወደ አንድ ሰው ቤት ይሄዳሉ። እያንዳንዱ ሰውየውን በራሱ ትምህርት በኩል ያያል። ከዚያ ያዩትን አንድ ላይ አድርገው ይመካከራሉ። አስተማሪው ተከትሎ ያርማል፣ በመጨረሻም ይፈርማል። አሠራሩን ዛሬም እወደዋለሁ። ያን ዓመት ግን የምወደው ከልክ አልፎ ነበር። ቅጾቹን በየቀለማቸው ለይቼ፣ በየቅደም ተከተላቸው ቆጥሬ፣ እርሳስ ሳይቀር ቀርጬ ነበር የምይዘው።

ወደ መካነ ብርሃን ልንወጣ ሁለት ቀን ሲቀረን አንዲት ሴት ቢሮዬ ድረስ መጣች። እዚሁ ጎንደር፣ አራዳ ሰፈር የምትኖር የመንግሥት ሠራተኛ ናት። አባቷ ከመካነ ብርሃን ከፍ ብሎ ባለ መንደር ብቻቸውን ይኖራሉ። እናቷ ካረፉ ወዲህ ልታመጣቸው ስትለምን ሁለት ዓመት ሆኗታል፤ እሳቸው ግን ንቅንቅ አላሉም። በስልክ ተጨቃጭቀው ተጨቃጭቀው በመጨረሻ አንድ ነገር ላይ ተስማሙ።

«ሐኪሞች አይተው ብቻህን መኖር አትችልም ካሉኝ እሄዳለሁ፤ ትችላለህ ካሉኝ ግን ሁለተኛ እንዳታነሺብኝ አለኝ» አለችኝ። «አባቴ ቃሉን አያጥፍም። እናንተ የምትጽፉትን ይቀበላል።»

እንግዲህ የያዝነው ጉዳይ ይህ ነበር። እኒያ አባት ቤታቸው ውስጥ መኖራቸውና አለመኖራቸው በእኛ ወረቀት ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ይህን ለተማሪዎቼ ደጋግሜ ነግሬያቸዋለሁ። ነገሩ ከባድ መሆኑን ስለማውቅ ነው ቅጹን አንድም መስመር ሳንዘል እንድንሞላ ያዘዝኳቸው።

የሄድነው በዐቢይ ጾም፣ ማክሰኞ ቀን ነው። ጠዋት ሆቴል ውስጥ ፉል በዳቦ በልተን፣ ሻይ ጠጥተን፣ ለመንገድ ደግሞ የጾም ብስኩትና ውሃ ይዘን ወጣን። የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አብራን ወጥታ ቤቱን ከሩቅ አሳየችንና ሌላ ሥራ ስላለባት ተመለሰች። «አያ እያላችሁ ጥሯቸው፤ ደስ ይላቸዋል» አለችን። ዳገቱ ለከተማ እግር ቀላል አይደለም። እየቆምን፣ እያረፍን፣ ስንደርስ ሰባት ሰዓት ሆነ።

ቤቱ የድንጋይ ግድግዳና የቆርቆሮ ክዳን ያለው ነው። አዛውንቱ ከደጁ ጋቢያቸውን ተከናንበው ድንጋይ መደብ ላይ ተቀምጠው ጠበቁን። ቀጭን ናቸው፣ ዓይናቸው ግን ሰውን ይለካል።

«አምስት ሁናችሁ አንድ ሽማግሌ ልትከቡ?» አሉ።

«ልናይዎት ነው አያ» አለች የነርሲንጓ ተማሪ።

«ማየትማ ሸጋ ነው። ተቀመጡ። ድንጋዩ ይበርዳል፤ አጎዛ አንጥፉበት።»

ጀመርን። ነርሷ ታነባለች፣ ትጽፋለች። እኔ ከጀርባዋ ቆሜ አያለሁ።

«ገላዎን ራስዎ ይታጠባሉ?»

«የሚያጥበኝ ማን አለ ብለሽ?»

«ልብስዎን ራስዎ ይለብሳሉ?»

«ኧረ ለብሼ አይደለም እንዴ የተቀመጥሁ?»

ተማሪዎቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ነርሷ ቀጠለች፦ «ምግብዎንስ ራስዎ ያዘጋጃሉ?»

«ገብስ እቆላለሁ። በሶ እበጠብጣለሁ። እንጀራውን ጎረቤቴ ትጋግርልኛለች፤ እኔ እንጨቷን እፈልጥላታለሁ።»

ነርሷ እርሳሷን አንሥታ አየችኝ። ቅጹ ላይ ያሉት ሁለት ሳጥኖች ብቻ ናቸው፦ «በራሱ» እና «በሰው እርዳታ»።

«በሰው እርዳታ በይው» አልኳት።

«ምነው፣ እንጨቱስ?» አሉ አያ።

እውነት ነበራቸው፤ እንጨቱ የሚጻፍበት ቦታ ግን አልነበረንም። አለፍነው።

መካከል ላይ ተማሪዎቹ ስለደከሙ ብስኩታቸውን አወጡ። ለአያም ዘረጉላቸው። አመስግነው ተቀብለው በጋቢያቸው ጫፍ ቋጠሩት። የፋርማሲው ተማሪ የታሸገ ውሃም ሰጣቸው። «ቆይቼ» ብለው ከእግራቸው ሥር አኖሩት። ከዚያ የምንበላውን ሳያዩብን ወደ ሸለቆው ዞረው ተቀመጡ። ይህን ሁሉ በዓይኔ አይቻለሁ። በማስታወሻዬም ላይ «ፈሳሽ በበቂ አይወስዱም» ብዬ ጽፌያለሁ።

ቀጥሎ የፊዚዮቴራፒው ተራ መጣ። ፈተናው ቀላል ነው፦ ሰውየው ከተቀመጠበት ይነሣል፣ ሦስት ሜትር ይሄዳል፣ ይዞራል፣ ተመልሶ ይቀመጣል፤ ጊዜው ይያዛል። አያ ተነሡ። ሁለት እርምጃ እንደሄዱ ቆሙ። እጃቸውን አየር ላይ ዘርግተው የሌለ ግድግዳ ፈለጉ። ተማሪው ዘሎ ባይይዛቸው ይወድቁ ነበር። የሕክምናው ተማሪ የደም ግፊታቸውን ተቀምጠው ሳሉ ለካ፣ ቆመው ሳሉም ለካ። ሲቆሙ በጣም ወረደ።

እኔ በዚያ ሰዓት ያደረግሁትን ሳስብ አሁንም ፊቴ ይግላል። ማስረዳት ጀመርኩ። «ይህ በዕድሜ የሚመጣ ነው፤ ሰውነት ከመቀመጥ ወደ መቆም ሲሸጋገር ደሙን ቶሎ ወደ ላይ መመለስ ያቅተዋል፤ ብቻውን የሚኖር አዛውንት የሚወድቀው በዚህ ነው» እያልኩ፣ ሰውየው እየሰሙኝ፣ በሰውየው ላይ አስተማርኩ።

የመጨረሻው የማስታወስ ፈተና ነው። ሦስት ቃል ሰጠናቸው፦ በግ፣ ወንዝ፣ ጃንጥላ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ መልሰው እንዲነግሩን ጠየቅናቸው። ግንባራቸውን በመዳፋቸው ይዘው ብዙ ቆዩ።

«በጓን ይዣታለሁ» አሉ። «ሌሎቹ ገደል ገቡ።»

ማንም አልሳቀም። ከሃያ ወደ ኋላ እንዲቆጥሩ ስንጠይቃቸው አሥራ አራት ላይ ቆሙና «ይበቃችኋል» አሉ።

ወረቀቱን ደመርነው። ውጤቱ የሚያከራክር አልነበረም። ከተማሪዎቹ ጋር ወደ ጎን ብለን ተመካከርን፤ ሁሉም ተስማማ። ተመልሼ በአክብሮት፣ ባጠናሁት መንገድ፣ ዓይናቸውን እያየሁ ነገርኳቸው፦ ብቻዎን መኖርዎ ያሰጋል አልኳቸው።

«ተጽፏል?» አሉኝ።

«አዎ አያ፣ ተጽፏል።»

«ፈርመሽበታል?»

«ፈርሜበታለሁ።»

በሩን ዘወር ብለው አዩት። ከዚያ «ፋሲካን እዚሁ ልዋል። ከዚያ ትውሰደኝ» አሉ። ስንወርድ እስከ አጥሩ መጨረሻ ድረስ ሸኙን፤ አጥሩን ይዘው ነበር የሚሄዱት። እሱንም ጻፍኩት።

ከፋሲካ በኋላ በሦስተኛው ሳምንት ረቡዕ ጠዋት፣ ክትትሉን ለመጨረስ ያንኑ ቡድን ይዤ አራዳ ወደ ልጃቸው ቤት ሄድኩ። የግቢው በር ከውጭ ተቆልፎ ነበር። ስናንኳኳ ከውስጥ የአያ ድምፅ መጣ፦ «መክፈቻው እሷ ጋ ነው። መሥሪያ ቤቷ ቅርብ ነው፤ ደውሉላት።»

ደወልን። እስክትመጣ ሩብ ሰዓት ያህል በቆርቆሮው በር ወዲህና ወዲያ ቆመን ጠበቅን። እኛ ከውጭ፣ እሳቸው ከውስጥ።

«ደኅና ነዎት አያ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ያችን ባለ እርሳሷን ይዘሻታል?»

«ይዣታለሁ።»

«ዛሬም ልትከቡኝ ነዋ።»

ልጃቸው እየሮጠች መጥታ ከፈተችልን። «ባጃጅ እንዳይገጨው ፈርቼ ነው የምቆልፈው» አለችን ሳንጠይቃት፣ ተመልሳም ወደ ሥራዋ ሄደች። አያ በረንዳ ላይ የፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀመጡ። አዲስ ጃኬት ለብሰዋል፤ ፊታቸው ሞላ ብሏል። አጠገባቸው የጠጡበት የወተት ብርጭቆና የዳቦ ፍርፋሪ ያለበት ሳህን አለ።

ቅጹን ከመጀመሪያው ጀመርን። ከወንበሩ ተነሡ፣ ሄዱ፣ ዞሩ፣ ተመልሰው ተቀመጡ። ተማሪው ሰዓቱን አየና እንደገና እንዲያደርጉት ጠየቃቸው። እንደገና አደረጉት፤ እንዲያውም ፈጠኑ። ግፊታቸው ተቀምጠውም ቆመውም ያው ነው። ከሃያ እስከ አንድ ያለ ማቋረጥ ቆጠሩ። አዲስ ሦስት ቃል ሰጠናቸው፤ ሦስቱንም መለሱ።

«ያኔ የጠፉትስ» አሉ ቀጥለው፣ «ወንዝና ጃንጥላ ነበሩ።»

የነርሲንጓ ተማሪ ቅጹን አስቀመጠች። ያ ሁሉ ሳምንት አልፏል።

«መቼ ትዝ አሉዎት አያ?» አልኳቸው።

«ያኑ ዕለት። እናንተ ወርዳችሁ፣ ቤተ ክርስቲያን ደርሼ፣ ቅዳሴ ወጥቶ፣ እህል ቀመስሁ። ጉሮሮዬ ሲርስ ሁለቱም መጡ። ልጠራችሁ አሰብሁ፤ ርቃችኋል።»

«እኛ ስንመጣ ከመቼ ጀምሮ ነበር ያልበሉት?»

«ሁዳዴ አልነበረም እንዴ? ከዋዜማው ማታ ጀምሮ ነዋ።»

«ውሃም?»

ቀና ብለው አዩኝ። ጥያቄው ያስገረማቸው ይመስለኛል።

ይህን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። እኛ ሁላችንም ጾመኞች ነበርን። ግን ከተሜው አብዛኛውን ጊዜ የሚጾመው ከሥጋ፣ ከወተትና ከቅቤ ነው፤ ሰዓቱን የሚጠብቅ ጥቂት ነው። ጠዋት ፉል እንበላለን፣ ሻይ እንጠጣለን፣ ጾመናልም እንላለን። እሳቸው ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህልም ውሃም አያውቁም። በዚያ ብርድ፣ በዚያ ዕድሜ፣ ከትናንት ማታ ጀምሮ ውሃ ያልቀመሰን ሰው ድንገት «ተነሡ፣ ቁሙ፣ ዙሩ፣ ቁጠሩ» ብለን ያዞረውን ሁሉ እርጅና ብለን ጻፍነው። እኔ ራሴ ያደግሁት ሰዓት ከሚጠብቁ ዘመዶች ጋር ነው። ሕፃን ሆኜ የማውቀውን ነገር አስተማሪ ስሆን ረሳሁት፤ ቅጹ ላይ አልነበረማ።

«ምነው ያኔ አልነገሩንም?» አልኳቸው። ድምፄ የወቀሳ ሳይመስል አልቀረም።

«ጾምን ማን ያወራዋል?» አሉ። ከዚያ ወደ ፋርማሲው ተማሪ በአገጫቸው አመለከቱ። «ደሞስ ይኼ ብስኩቱን ሲያኝክ እኔ ጾመኛ ነኝ ብል ደስ ይለው ኑሯል? ዳገት ወጥታችሁ ደክሟችሁ። አፋችሁ ውስጥ ያለውን ላስተፋችሁ?»

ልጁ መሬት መሬት አየ። እኔም ያየሁት መሬት ነው። እኛን ላለማሳፈር ዝም አሉ፣ በዝምታቸውም ቤታቸውን አጡ።

ስድስት ሰዓት ላይ ልጃቸው ለምሳ መጣች። እዚያው አባቷ ፊት አንድ በአንድ ነገርኳት፦ ወረቀቱ ስሕተት ነው፣ አባትሽ ብቻቸውን መኖር ይችሉ ነበር፣ አሁንም ይችላሉ፣ አዲስ ጽፌ እፈርማለሁ አልኳት። ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ቆማ ሰማችኝ።

«አሁን ነው የምትነግሪኝ?» አለችኝ። ቁጣ አልነበረበትም። ሰው መንገድ ተሳስቶ ብዙ ከሄደ በኋላ ሲነገረው የሚሆነውን ነው የሆነችው። «ቤቱን ለአጎቴ ልጅ ሰጠነዋል። በዳግም ትንሣኤ ሰሞን ተድሯል፤ ሙሽራዋ ገብታበታለች። የነበሩት በጎችም የሉም።»

«እኔ ነኝ የሰጠሁ» አሉ አያ። «መርቄ ነው የሰጠሁ።»

«ቢነገራቸው ይለቃሉ» አልኩ።

«ሙሽራ አላስወጣም ልጄ። ተይው።»

«አያ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። እኔ ሄጄ ላስረዳቸው።»

«ምን ብለሽ? ሽማግሌው ያኔ ርቦት ነበር ብለሽ?» አሉና ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸው አለቀ። «ልጄ ጥሩ ናት። ታበላኛለች፣ ታጥብልኛለች። ልጆቿም ሸጋ ናቸው። ብቻ ሁሉም ጠዋት ይሄዳሉ። ግድግዳና እኔ እንቀራለን።»

አዲሱን ወረቀት እዚያው ጻፍኩት። ሁሉንም የሚችሉ ሰው ናቸው አልኩ። ከታች ደግሞ በራሴ እጅ፣ ቅጹ የማይጠይቀውን አንድ መስመር ጨመርኩ፦ በራቸው ሊቆለፍ አይገባም። ልጃቸው አንብባ መክፈቻውን ከመያዣዋ ፈትታ ለአባቷ ሰጠቻቸው። በወረቀቱ ማግኘት የቻልኩት ይህን ብቻ ነው።

በሳምንቱ ቅዳሜ ለብቻዬ ሄድኩ። ተማሪም ቅጽም አልያዝኩም። በሩ ገርበብ ብሏል። ልጃቸውና ልጆቿ ገበያ ወጥተዋል፤ አያ ግን በረንዳው ላይ እንደተለመደው ተቀምጠዋል። ወጥተው ያውቁ እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ወጣሁ እንጂ። ሰኞ ዕለት እስከ ሱቆቹ ደረስሁ።»

«እና እንዴት ነበር?»

«እኛ አገር ከቤቴ እስከ ቤተ ክርስቲያን ሁለት እርምጃ ነው፤ ግን ሰላምታው ግማሽ ቀን ይፈጃል። እዚህ ያገኘሁትን ሁሉ እንዴት ዋላችሁ አልሁ። ግማሹ አለፈኝ። አንዱ ቆመና ‘ምን ፈልገው ነው አባት?’ አለኝ። ሌላዋ ሳንቲም ልትሰጠኝ ቦርሳዋን ከፈተች።» ጃኬታቸውን አስተካከሉ። «ተመለስሁ። ሁለተኛም አልወጣሁ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ማስረዳት እጀምር ነበር፤ ያን ቀን ግን ወንበር ስቤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ድንገት «ዛሬ እኔ እስክመጣ ከማን ጋር ተነጋገሩ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። ጥያቄው ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ ከያዝኳቸው ቅጾች በአንዱም ላይ የለም።

ጣታቸውን አንድ ጊዜ ዘረጉ፣ መልሰው አጠፉት።

«ጠዋት ልጄ ዳቦ ስታመጣልኝ ‘እንካ’ አለችኝ» አሉ። «ትናንት ደሞ... ትናንት ማንም አላለኝ። ዛሬ አንች አለሽ።»

ማታ ወደ ተከራየሁበት ክፍል ገብቼ በሩን ስዘጋ ያንኑ ጥያቄ ለራሴ አነሣሁት። ከአያ ሌላ፣ በዕለቱ ያናገርኩት ባለ ሱቁን ነበር፤ «ሳሙና አለ?» ብየዋለሁ፣ «አለ» ብሎኛል። እኔ ወጣት ነኝ፣ ሥራ አለኝ፣ ሰኞ ሲመጣ ክፍል ሙሉ ተማሪ ይጠብቀኛል። እሳቸው ሰኞ ሲመጣ ምንም የሚጠብቃቸው የለም። ስለዚህ አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ እሄዳለሁ። ብዙ አናወራም። ስለ ገብሱ ይነግሩኛል፤ ዝናቡ መካነ ብርሃን ገብቶ እንደሆነ እንድጠይቅ በስልኬ ቤቱን ለሰጡት ዘመዳቸው እንድደውል ያዙኛል። አንዳንዴ ሙሽራዋ ራሷ ታነሣዋለች። ያኔ አያ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው የጣራው ቆርቆሮ ያፈስ እንደሆነ ይጠይቃሉ፣ የት ጋ እንደሚያፈስም ራሳቸው ይነግሯታል።

አሁን ለእናንተ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። በቤታችሁ ወይም በጎረቤታችሁ አንድ አዛውንት ይኖራሉ። ነገ ሂዱና አጠገባቸው ቁጭ በሉ። ስለ መድኃኒታቸውና ስለ ጉልበታቸው ገና አትጠይቁ። «ዛሬ እኔ እስክመጣ ከማን ጋር ተነጋገሩ?» ብላችሁ ብቻ ጠይቁ። ከዚያ ዝም በሉ። መልሱ ቶሎ አይመጣም፤ እስኪመጣ ድረስ ከመቀመጫችሁ አትነሡ። ሞክሩት።